ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ

እትዬ ሉየን ሰው አታምንም ነበር። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ ራሷ ብትሰማኝም «እና ምን አጠፋሁ?» ብላ ነው የምታልፈኝ። በቡዎን ማ ቱዎት አውሮፕላን ማረፊያ፣ በቺም ኤን አየር መንገድ ባንኮኒ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሻንጣውን ሚዛን ላይ ሳያስቀምጥ በፊት ፈገግ ያለላትን መንገደኛ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትፈትሽ ስታሳልፍ አላየኋትም። ፈገግታ ለእሷ ማስረጃ ነው።

«ሰባት ኪሎ ነው የምትፈቅዱት አይደል አክስቴ?» ይላታል አንዱ፣ ቦርሳውን ባዶ እንዲመስል በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ። ጣቱ ግን ነጭ ሆኗል። ሉየን ሚዛኑን አታየውም። ቦርሳውን ትቀበልና ከፍ ዝቅ አድርጋ ትመልስለታለች። «ዘጠኝ ተኩል» ትላለች። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ዘጠኝ ከአራት መቶ ሃምሳ ይላል። መንገደኛው በሚዛኑ ላይ ይጮሃል፣ በእሷ ላይ ግን አይደፍርም።

ይህን እጅ ያገኘችው ከቁንዶ በርበሬ ነው። ሉየን የንጌ አን ልጅ ናት፣ ከባሕሩ ዳር። ካገባች በኋላ እንደ ብዙው የአገሯ ሰው ቀይ አፈር ፍለጋ ወደ ደጋው መጥታ ቡና ተከለች። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ነቅላ ቁንዶ በርበሬ ተከለች። ቁንዶ በርበሬውን የሥር በሽታ ጨረሰው፤ ባሏም ያንኑ ዓመት ሞተባት። ከዚያ በአንድ ነጋዴ መጋዘን በር ላይ ሚዛን ያዘች፤ አሥራ አራት ዓመት። ገበሬው ጆንያውን ውሃ አርከፍክፎ ያመጣል። ከሥር ጠጠር ያደርጋል። የፓፓያ ፍሬ አድርቆ ከቁንዶ በርበሬው ጋር ይደባልቃል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው ዓይን አይለያቸውም። «ፓፓያ ይቀልላል» ትለኝ ነበር። «ጆንያው ሞልቶ እጄ ካልሞላ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

ቺም ኤን ወደ እኛ ከተማ ሲመጣ የነበሩት ሦስት አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም የኪራይ። የአንደኛው ጅራት ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ከአዲሱ ቀይ ቀለም ሥር የቀድሞው ባለቤት ስም ይነበብ ነበር። የመጀመሪያው በረራ ዕለት አለቆቹ ከሳይጎን መጡና ማኮብኮቢያው ዳር ጠረጴዛ አስዘረጉ። የተጠበሰ ሙሉ አሳማ፣ ፍራፍሬና የሩዝ አረቄ አቅርበው ለሰማዩና ለምድሩ ጌቶች ሰገዱ። አንድ የጥበቃ ሰው ደግሞ አሳማውን ውሻ እንዳይወስደው አጠገቡ ቆሞ ዋለ።

የአገሩ ሰው ግን አላመነም። አውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ አንገላትቶ የሚያደርስበትን መንገድ፣ በዚያው በአውቶቡስ ዋጋ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያደርስ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው? ይህ አውሮፕላን ምን ጎድሎት ነው የረከሰው? አንዲት አሮጊት ባንኮኒው ላይ ተደግፈው በሹክሹክታ «ልጄ፣ ነጂው ደመወዝ ይከፈለዋል?» ብለው ጠይቀውኛል። አንዱ ደግሞ ወንበር ቢኖርም ባይኖርም ብሎ የራሱን የፕላስቲክ በርጩማ ይዞ መጣ።

እኔም አላመንኩም ነበር። ሂየው እባላለሁ፤ ሥራዬ አውሮፕላኑ የሚሸከመውን ክብደት ማስላት ነው። ሚስጥሩ ቀስ እያለ ነው የገባኝ። አንዱ አውሮፕላን በቀን ሰባት ጊዜ ይነሣል። መሬት ላይ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ይቆማል፤ በዚያች ሠላሳ ደቂቃ አስተናጋጆቹ ራሳቸው መጥረጊያ ይዘው በየወንበሩ ሥር ይገባሉ። ውሃ ይሸጣል፤ በፈላ ውሃ የራሰ ኑድል ይሸጣል፤ መስኮት አጠገብ መቀመጥም ይሸጣል። ጠዋት ሃኖይ ላይ ከዘነበ የእኛ የማታው በረራ ይዘገያል። «በረራው ዘግይቷል» ብሎ የሚያውጀው የእኔ ድምፅ ስለሆነ በከተማው ውስጥ የማያውቀኝ ሰው ሳይቀር ይሰድበኛል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ የዜሮ ዶንግ ቀን አለ፤ ዶንግ የአገራችን ገንዘብ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ኩባንያው ከወራት በኋላ የሚበሩ ወንበሮችን በነፃ ያህል ይለቃቸዋል፣ አገር ምድሩ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይሻማል። ቀድሞ የቆረጠ በርካሽ ይሄዳል፤ አጣዳፊ ጉዳይ የገጠመው በውድ ቆርጦ የሌላውን ሰው ርካሽ ይከፍላል።

ከሁሉም በላይ ግን የኩባንያው እንጀራ ያለው ከሰባት ኪሎ በላይ ለሆነው ሻንጣ በሚያስከፍለው ነው። የጣቢያውን ሥራ ሊያቋቁም የመጣው አለቃ ሉየንን መጋዘኑ በር ላይ ሲያያት ወዲያው ቀጠራት። ምን እንዳየባት አውቃለሁ። ሰው እየማለላት እሷ የምታየው ጆንያውን ነበር።

ቴት፣ የአዲስ ዓመት በዓላችን፣ ሲቃረብ ባንኮኒው የጦር ሜዳ ይሆናል። ሰው ሦስት ጃኬት ደርቦ፣ በየኪሱ ዱባ ፍሬ ጠቅጥቆ፣ እያላበው ይሰለፋል። አንድ ጊዜ ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት መጣች። ሉየን ቆይታ ቆይታ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለቻት። ሰባተኛዬ ነው አለች። ሉየን «ሽታው ግን ዛሬ የተቀቀለ ነው» ብላ ቀሚሷን በጣቷ ነካ ስታደርገው በቅጠል የተጠቀለሉ ስድስት የሩዝ ኬኮች መሬት ላይ ወደቁ። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ነገር ለሌላዋ ብትላት እውነተኛ እርጉዝ ሆና ተገኘችና ባልዮው ሊደበድበን ነበር። ሉየን ይቅርታ ጠየቀች፤ ሰውዬው እስኪሄድ ድረስ ግን ዓይኗ ከሚስቱ ሆድ ላይ አልተነቀለም።

በእኛ ባንኮኒ ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር አንድ ነው፤ አጽም። በጦርነቱ ዘመን እዚህ ደጋ ጫካ ውስጥ ወድቀው የቀሩ የሰሜን ልጆች ብዙ ናቸው። ከአርባ ዓመት በኋላም ወላጅ ይመጣል፣ ወንድም ይመጣል፣ አባቱን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ይመጣል። ያገኘ ሰው በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በትንሽ ሳጥን አድርጎ፣ የአካባቢውን አስተዳደር ወረቀት ይዞ እኛ ዘንድ ይቀርባል። ለሟቹ ትኬት ይቆረጥለታል፤ መንገደኛ ነዋ። ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ በስሙ ወንበር ይያዝለታል። ኩባንያው ይህን የትም አልጻፈውም፤ ግን በዚህ አገር ሙት ሚዛን ላይ የሚያወጣ ሠራተኛ አይገኝም። የፍተሻ ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሰው እንኳ አጥንት ሲያይ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ያሳልፋል። አውሮፕላኑ ወንዝ ሲሻገር ዘመድ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ይልና «አባባ፣ እየተሻገርን ነው፣ እንዳትቀር» ይላል።

እነዚህን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ኪየም የሚባል አዋቂ ነበር። ሙታን ያናግሩታል ይባላል። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጫካ ይገባል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄድ ይሄድና ይቆማል፣ «እዚህ ቆፍሩ» ይላል። ሲቆፈር ይገኛል። ነጭ ሸሚዝ፣ የጎማ ሰንደል፣ ለስላሳ ድምፅ። ወረቀቱንም ትኬቱንም እሱ ይጨርሳል፤ ያዘነ ሰው በዚህ መድከም የለበትም ይላል። ለጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ በከረጢት አቮካዶ ያድላል። እኔ አቮካዶውን እበላ ነበር፣ ሰውዬውን ግን አልወደውም። ሰዎቹ ሳጥኑን አቅፈው ሲያለቅሱ እሱ ሰዓቱን ሲያይ ይዤዋለሁ። ይህን ለሉየን ብነግራት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ምክንያት ነበራት። ታላቅ ወንድሟ ኳን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ግንባር ሲሄድ እሷ አራት ዓመቷ ነበር። ከእሱ የምታስታውሰው አንገቱ ላይ ተቀምጣ ጆሮዎቹን መያዟን ብቻ ነው። መርዶው ሲመጣ ወረቀቱ «በደቡብ ግንባር» ይላል፤ ደቡብ ግንባር ማለት ደግሞ ግማሽ አገር ነው። እናቷ እማማ ዶዋን ያን ወረቀት አጣጥፈው ከአርባ ዓመት በላይ ጠበቁ። ኪየም ነው አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ላይ ቆሞ «ታላቅ እህቴ፣ ወንድምሽ እዚህ ነኝ ይላል» ያላት። ሉየን ለእሱ ምን እንደሰጠችው አልነገረችኝም፤ ሞተር ብስክሌቷ ግን ከዚያ በኋላ አልታየም። ኳንን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ንጌ አን ወሰደችው። ያን ቀን አውሮፕላኑ በር ድረስ ሸኝቻታለሁ። ምንም አልጠየቀችም፣ ምንም አልፈተሸችም። ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ አዲስ ልማድ አወጣች። አጽም የያዘ ቤተሰብ ሲመጣ ባንኮኒዋን ለሌላ ሰው ትሰጥና ሳጥኑን ራሷ ተሸክማ እስከ አውሮፕላኑ ታደርሳለች። ሽማግሌዎች ናቸው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ትላለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረገች።

በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ሲያባራ ዝም ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ሻይ ላይ ቁጭ ብለን «ሂየው፣ ረጅም ሰው ከአጭር ሰው ጋር እኩል ይመዝናል?» አለችኝ። ስለ መንገደኛ የምታወራ መስሎኝ አይመዝንም አልኳት። ተነሥታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ከሃ ቲኝ የመጣች ሴት የአባቷን ሳጥን ይዛ ቀረበች። ኪየም ከኋላዋ ቆሟል። ሉየን እንደ ልማዷ ሳጥኑን ተቀብላ ወደ በሩ ተራመደች። አዳራሹ መሀል ስትደርስ ግን ቆመች። ዞረች። ተመልሳ መጣችና ሳጥኑን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

ከባንኮኒው እስከ በሩ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

«አክስቴ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሴትየዋ። «አባቴን እኮ ነው።»

«አዲስ መመሪያ ነው» አለች ሉየን። ስትዋሽ የሰማኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ቁጥሩ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ይላል። ኪየም ጠጋ ብሎ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ታላቅ እህቴ፣ ሙታን ሚዛን አይወዱም» አላት። እናም ፈገግ አለ። ሉየን አየችው። ከዚያ ሳጥኑን አንሥታ እስከ አውሮፕላኑ ተሸከመችው፤ ምን ታድርግ፣ እጇ ከነገራት በቀር በእጇ ምንም የለም።

ሥራ ሲቀል ወደ እኔ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። በአንድ ወር ውስጥ የተሸከመቻቸው ሦስት ሳጥኖች ሦስቱም ሁለት ከሦስት መቶ ናቸው አለችኝ። ሳጥኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሆናል አልኳት።

«ሳጥኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ውስጡስ? አርባ አምስት ዓመት አፈር የበላው ሰው ነው። አንዱ ሙሉውን ይገኛል፣ አንዱ ሁለት ጥርስና አንድ ቁርጥራጭ ነው የሚተርፈው። እንዴት ነው እኩል የሚሆኑት? ይኼ ተመዝኖ የተጠቀለለ ነው፣ ሂየው። ሰው ቁጭ ብሎ መዝኖታል።»

ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «የኳንም እንደዚያው ነበር። ጉልበቴ ላይ ነበር፣ እጄ አልረሳውም» አለች።

እኔ ደግሞ የማምነው ወረቀት ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ የሃ ቲኟን ሴት አባት ስም ፈለግሁ። ትኬቱ የተቆረጠው በሰኔ ወር በዜሮ ዶንግ ቀን ነው፣ እኩለ ቀን ከአራት ደቂቃ ላይ። አጽሙ የተቆፈረው ባለፈው ሰኞ፣ በመስከረም። ሰውየው ከመገኘቱ ከሰማንያ ቀን በፊት ወደ ቤቱ የሚሄድበት ወንበር ተይዞለት ነበር። ኪየም ሙታን መቼ እንደሚያናግሩት ያውቅ ኖሯል፤ ያውም ርካሽ ትኬት በሚለቀቅበት ቀን አስልቶ። እንደ ሌላው አዝኖ አጣድፎ በውድ ቢቆርጥ ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር። ሁሉንም ነገር ያቀደ ሰው በመጨረሻ ቆጥቦ ተያዘ።

«የኳንን ክፈተው» አለችኝ።

ከፈትኩት። ኪየም ኮረብታው ላይ ከመቆሙ ከአርባ ሰባት ቀን በፊት። የዜሮ ዶንግ ቀን። ሉየን ስክሪኑን አንድ ጊዜ ብቻ አይታ መስኮቱን ተመለከተች። እዚያ ምን እንዳለ እንጃ፤ ሻንጣ የሚጎትት ትራክተር ነበር።

በዚያው ቀን ፖሊስ ጋ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደችም። በማግስቱም አልሄደችም። ተናደድኩባት። ሁለት ሳምንት ያህል ለሚቀረው ሐሙስ በኪየም እጅ የተቆረጠ ሌላ ትኬት ሲስተሙ ላይ አይቻለሁ፤ አንድ የሰማንያ ዓመት አባት ከታን ሁዋ መጥተው ልጃቸውን ሊወስዱ ነው። ይህ ልጅ ገና «አልተገኘም»። ነገርኳት። አውቃለሁ አለችኝ። እና ምን ትጠብቂያለሽ ብላት እውነቱን አወጣችው። ፖሊስ ከገባ ኪየም ያስቆፈረውና የተቀበረው ሁሉ ይወጣል። ንጌ አን ድረስ ይሄዳሉ። እናቷ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በየጠዋቱ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው መቃብር ሩዝ ይዘው ይሄዳሉ። አርባ ዓመት ጠብቀው ሁለት ዓመት ነው ያረፉት። በዓይናቸው ፊት ቆፍረው ቢያወጡት በሕይወት አይሰነብቱም ብላ ፈርታለች።

እንዲህ ሆና አሥራ አንድ ቀን ከረመች። አይበላላትም፣ አይተኛላትም። ባንኮኒው ላይ አሥራ ሁለት ኪሎ የያዘ ሰው በሰባት አሳለፈች። ማክሰኞ ጠዋት «አብረኸኝ ና፣ አስቀድሜ ለእማዬ ልንገራት» አለችኝ።

የእኛ የሠራተኛ ትኬት ነፃ ነው፤ የሚያበርህ ግን ወንበር ሳይሸጥ ከቀረ ብቻ ነው። ሁለት በረራ ሞልቶ ጥሎን ሄደ። በሦስተኛው ሁለት መንገደኞች ዘግይተው ቀሩና ገባን። ሉየን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። አውሮፕላኑ ካወረደን ከቪን ከተማ በሞተር ታክሲ እናቷ ቤት ደረስን።

እማማ ዶዋን ግቢው ውስጥ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጨው የሚዘፈዘፍ ደቃቅ ነጭ ደበርጃን ይቆርጣሉ። ቀና ብለው መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው፤ ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ።

«ይኼ ማነው? ባልሽ ነው ወይስ ፖሊስ?»

የሥራ ባልደረባዋ መሆኔን ነገረቻቸው። እንዳላመኑ ያስታውቃሉ፤ ቢሆንም አረንጓዴ ሻይ በጎድጓዳ ሳህን ቀዱልኝ። ሉየን ስለ አውሮፕላኑ ጀመረች። ስለ ዝናቡ ቀጠለች። ስለ ጎረቤት ጣሪያ ጠየቀች። እማማ ዶዋን ቢላዋቸውን ሳያቆሙ ሲሰሙ ቆዩና ድንገት አቋረጧት።

«ስለ አሳማው ነው የመጣሽው?»

«የትኛው አሳማ?»

«እዚያ ያለው» አሉ በአገጫቸው ወደ ቤቱ ጀርባ እያሳዩ።

እኔ ሻዬን አስቀመጥኩ።

«ስድሳ ዓመት አሳማ አርብቻለሁ፣ አርጃለሁ» አሉ እማማ ዶዋን። «ያን ቀን ሁላችሁም ድግስ ልታሰናዱ ስትወጡ ጨርቁን ፈታሁት። እናት ነኝ፤ ልጄን አንዴ ልየው ብል ነውር ነው? ቅልጥሙን እንዳየሁት አወቅሁት። መልሼ ቋጠርኩት።»

«እማዬ... ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ከልጅነትሽ ሰው አምነሽ አታውቂም። እኔ እናትሽ ሩዝ ስሰፍርልሽ እንኳ እጄን ታይ ነበር። ያን ቀን ግን ሳጥኑን አቅፈሽ በዚህ በር ስትገቢ ፊትሽን አየሁት። አምነሻል። ሃምሳ ዓመትሽ ላይ አንድ ጊዜ አምነሽ ብትመጪ፣ እንዴት ብዬ ነው የምነጥቅሽ?»

«እኔ እኮ አሥራ አንድ ቀን አፌን የያዝኩት ባንቺ ምክንያት ነው።»

«በኔ?» አሉ እማማ ዶዋን፣ ከልባቸው ተገርመው። «እኔማ ከኳን ጋር ተስማምተናል። በየጠዋቱ ‹ልጄ፣ የትም ሁን፣ ና ብላ፤ ከአሳማው ጋር ተካፈል፣ እህትህ ደስ ብሏታል› እለዋለሁ።»

ሉየን ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እንደ አራት ዓመት ልጅ እናቷ ጭን ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ የቱ ጋ እንደማይ ስላላወቅሁ ደበርጃኑን መቁረጥ ጀመርኩ፤ እማማ ዶዋን አቆራረጤን አይተው ቢላዋውን ቀሙኝ። ልጃቸውን ጀርባዋን እየዳበሱ ቆዩና ከዚያ አዋቂ ጋር ሌላ የሚመጣ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሐሙስ አንድ አባት እንዳሉ ሉየን ነገረቻቸው።

«ሐሙስ ማለት እኮ ከነገ ወዲያ ነው» አሉ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሐሙስ ዕለት ሉየን ባንኮኒዋ ላይ ነበረች። ኪየም ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ የታን ሁዋውን ሽማግሌ ክንዳቸውን ደግፎ፣ የአቮካዶ ከረጢቱን ይዞ መጣ። ሁለት ፖሊሶች እንደ መንገደኛ ከኋላ ተሰልፈዋል። ሳጥኑ በጎን ባለው ክፍል ሲከፈት ከጤና ቢሮ የመጣው ሐኪም የአሳማ መሆኑን ለመለየት ብዙ አልፈጀበትም። ኪየም እስኪወሰድ ድረስ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እኔን እያየ ግን «ትኬቱ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ሉየን አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብላ እስኪመሽ እጃቸውን ያዘች፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።

ያመሰገናት ሰው አለ ከተባለ ጥቂት ነው። የሃ ቲኟ ሴት ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ባንኮኒ ድረስ መጣች። ሉየን ተነሥታ ተቀበለቻት። ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ሁለት ሳምንት አባት ነበረኝ። ምን በደልኩሽ?» ብላት ሄደች። ሉየን እስከ ዛሬ ይህን ጥያቄ በየሰበቡ ታነሣብኛለች።

ፖሊሶች ንጌ አን ሲደርሱ እማማ ዶዋን ራሳቸው ቦታውን አሳይተው አስቆፈሯቸው። አሳማውን ውሰዱት፣ ድንጋዩን ግን አትንኩብኝ፣ ስሙ የልጄ ነው ብለው ጉድጓዱን መልሰው አስደፈኑ። ጠዋት ጠዋት ሩዙን መውሰድም አልተዉም። ሉየን ደግሞ የዕረፍት ቀኗን ሁሉ የሠራዊቱ አጽም ፈላጊ ቡድን ከሚቆፍርበት ኮረብታ ትውላለች። እዚያ ማንም ዓይኑን አይጨፍንም፤ ካርታ ይዘው አፈር በወንፊት ይነፋሉ። አንዳንድ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ ይገኛል፣ አንዳንድ ቀን ምንም።

እማማ ዶዋን በሚቀጥለው የጸደይ ወር አረፉ። ቃላቸው አንድ ብቻ ነበር። ኳን ሲመጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀው እኔን እሱ መቃብር ውስጥ አስተኙኝ፣ እሱ ሲገኝ ጠጋ እልለታለሁ ብለው ነበር። ቆፋሪዎቹ ለአንድ ሰው የሚበቃ ጉድጓድ ጀምረው ነበር። ሉየን ገመድ አስመጥታ ራሷ ለካች፤ በግራ በኩል አስሰፍታ አስቆፈረችው።